ስንተኛ ወጣች?

እኛ ከተማ ሰኔ 30 በዓል ነው። ካላንደር ላይ በቀይ አልታተመም እንጂ በዓል ነው። ልጅ ሁሉ ልብሱ ታጥቦ፣ ፊቱ በቫዝሊን አብረቅርቆ፣ ካርዱን እንደ ሰርግ ጥሪ በሁለት እጁ ይዞ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። መንደሩም በር በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ታዲያ ሻይ ቤቱም፣ ጫት ተራውም፣ ወፍጮ ቤቱም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?»

«ማንበብ ቻልክ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በዚህ ሁሉ ዓመት አላጋጠመኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር።

(ስለ ከተማችን ስም፦ ጭሮ ናት። ትልልቆቹ አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመኪና ረዳት ደግሞ የተሳፋሪውን ፊት አይቶ አንዱን መርጦ ይጠራል። እኔ ሁለቱንም እላለሁ፤ አትቀየሙኝ።)

አምና ሰኔ 30 የታላቅ እህቴ ልጅ 2ኛ ክፍልን ጨርሳ ከ74 ተማሪ 3ኛ ወጣች። እህቴ ቲማቲምና ሽንኩርት ትቸረችራለች። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጣ አታውቅም። ለምን እንደማታውቅ ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ እናታችን ገበያ ስትውል ቤት የሚቀር ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ተላክሁ፣ እሷ ቀረች። ስለዚህ ያቺ «3» የምትባል ቁጥር ለእህቴ ምን ማለት እንደሆነች እናንተም ትገምታላችሁ። ካርዱን በፌስታል ጠቅልላ፣ መታወቂያዋና የእድር ደብተሯ ካለበት ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። እኔ አሁን የምኖረው አዳማ ነው። ክረምቱን ላሳልፍ ስመጣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሳጥኑ ተከፈተልኝ።

«እየው! ሦስተኛ!»

አየሁት። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እስቲ ደብተርሽን አምጪ» አልኳት ትንሿን።

እናንተዬ፣ ደብተሩ ያምራል! እኔ በዚህ እድሜዬ እንደዚያ አልጽፍም። መስመሩን ያልለቀቀ፣ ያልተሰረዘ፣ ያልተደለዘ ቁቤ። አፋን ኦሮሞው፣ ሒሳቡ፣ አካባቢ ሳይንሱ ሁሉም እንደ ታተመ። ገጽ በገጽ ሳገላብጥ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። በብዙ ገጾች በስተቀኝ በላይኛው ማዕዘን ላይ፣ በትንሽ ሳጥን ተከብቦ፣ በአፋን ኦሮሞ «ሂን ሃቂና» ይላል። «አታጥፉ» ማለት ነው። መምህሩ የከሰዓቱ ፈረቃ ሰሌዳውን እንዳያጠፋበት የጻፈው ማሳሰቢያ! ልጅቷ እሱንም፣ እስከነ ሳጥኑ፣ ከትምህርቱ ጋር ገልብጣዋለች። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን እስቅና አልፈው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ነው የገለበጠችው።

የሚያነብ ሰው «አታጥፉ» የሚለውን ደብተሩ ላይ አይገለብጥም። የሚስል ሰው ግን ይገለብጣል።

ይህን ቶሎ የጠረጠርኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ሌባን ሌባ ያውቀዋል። እኔ ራሴ 1ኛ ክፍል «ጎበዝ አንባቢ» ነበርኩ። መምህራችን መጽሐፉን ይዘው ያነባሉ፣ እኛ ሰባ ሰማንያ ሆነን ጣሪያው እስኪነቃነቅ እንቀበላለን። በሦስተኛው ቀን ምንባቡን እስከነ ትንፋሹ ሸምድጄዋለሁ። መቼ ገጽ እንደሚገለበጥ ሥዕሉ ይነግረኛል። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዲት ፊደል ሳላውቅ አነብ ነበር። ክፍሉ ያጨበጭብልኛል። እናቴ ታለቅሳለች።

የያዙኝ አያቴ ናቸው። አያቴ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት እስከ ዳዊት የዘለቁ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ማታ መጽሐፌን ይዤ ስጮህ ዝም ብለው ሰሙኝና አጎንብሰው ከወለሉ ስንደዶ አነሱ። ስንደዶዋን ገጹ መሀል ላይ፣ አንዲት ቃል ሥር ሰኩና «ይቺ ማን ናት?» አሉኝ። እኔም ከገጹ መጀመሪያ ተነስቼ በቃሌ ስንደረደር መጣሁ። «አይ፣ መንገዱን አልጠየቅሁህም፤ ይቺን ብቻ» አሉ። ዝም። ስንደዶዋን አንድ መስመር ወደ ታች አወረዷት። አሁንም ዝም። አልተቆጡም። እስከዛሬ የማልረሳው ሳቃቸውን ነው፤ የማሾፍ ሳይሆን «ተገናኘን» የሚል ዓይነት ሳቅ። «እኛንም እንዲህ ነበር የሚያደርጉን» አሉ።

ያን ክረምት አቡጊዳ አስቆጠሩኝ። አቡጊዳ ምን እንደሆነች የማታውቁ ካላችሁ፦ ልጅ መጀመሪያ ሀ ሁ ሂ ሃ እያለ ገበታውን በተራ ይቆጥራል። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል። ችግሩ ግን ይህ ዜማ አለው፤ ዜማ ያለው ነገር ሁሉ ሳይታወቅ ይዘፈናል። ስለዚህ የኔታ ሁለተኛ ገበታ ያመጣሉ፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ቤቱን ሁሉ የሚያዘበራርቅ። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ዜማው ይጠፋል፤ ልጁ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ካላወቃት እዚያው ይያዛል። እኔ ከጊዜ በኋላ «የምዘና ሥልጠና» ተብዬ አበል እየተከፈለኝ የተማርኩትን ነገር፣ ስማቸው ያልተጻፈ የኔታዎች ስንት መቶ ዓመት ቀድመው በአንድ ቁራጭ ብራና ላይ ጨርሰውት ነበር።

ጎረቤታችን የነበረው አብሮ አደጌ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቁርኣን ቤት ይሄድ ነበር። ሎሁን (የእንጨት ሰሌዳውን) በከሰል ቀለም ጽፎ ያጠናና አንድ ባንድ ኡስታዙ ፊት ይቀርባል። የጻፈውን ሳይሳሳት ካላሰማ ሎሁ አይታጠብለትም፤ ሎሁ ካልታጠበ አዲስ አይጻፍለትም። ጓደኛዬ አንድ ሎህ ለሁለት ሳምንት ይዞ ሲንከራተት አስታውሳለሁ። ተራ የለ፣ ካርድ የለ። የታጠበ ሎህና ያልታጠበ ሎህ ብቻ።

ያለፈውን ዘመን ላወድስ አይደለም። ዱላው ነበር፣ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ አልነበሩበትም፣ የተነበበው ግእዝና ዐረብኛም ትርጉሙ የሚመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ለብዙዎቹ ጭራሽ አይመጣም። አንድ ነገር ግን ሁለቱም ቤት ነበር። ልጁን ብቻውን ቁጭ አድርጎ የሚሰማው አንድ ጆሮ።

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ለጥቂት ሳምንታት መዛኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁባቸው ስለሆኑ ወደ ራሴ አገር፣ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ላኩኝ። ሥራው የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆችን አንድ ባንድ እያስነበቡ መመዝገብ ነው። በሙያው አጠራር «ኢግራ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ አሜሪካኖች አዘጋጅተውት ከዚያ ወዲህ በየድሃው አገር ሲዞር የኖረ መመዘኛ ነው። ማንም እንዲረዳው አድርጌ ልንገራችሁ።

ልጁ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ፊደላት በተዘበራረቀ ተራ የተደረደሩበት ወረቀት ትሰጠዋለህ። ሰዓት ትይዛለህ፤ አንድ ደቂቃ። ከዚያ የሚታወቁ ቃላት፣ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ደግሞ የሌሉ ቃላት! አዎ፣ በየትኛውም መዝገበ ቃላት የሌሉ፣ ለምዘናው ብቻ የተፈጠሩ። አቡጊዳ ማለት ይቺ ናት፤ በቃሉ የሸመደደውን ልጅ እያጣመረ ከሚያነበው ልጅ ለመለየት። ከዚያ አጭር ታሪክ ይነበብና አምስት ጥያቄ ይጠየቃል። በመጨረሻ አንተ ራስህ ሌላ ታሪክ ታነብለታለህ፣ እሱ ሰምቶ ይመልሳል። አንድ ልጅ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለአንድ ፊደል ሦስት ሰከንድ ትጠብቃለህ። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ በሙሉ ከተሳሳቱ ታቆማለህ፤ «አመሰግናለሁ፣ ወደ ቀጣዩ እንሂድ» ትላለህ። መርዳት ክልክል ነው። «ትክክል» ማለት ክልክል ነው። «ተሳስተሃል» ማለትም ክልክል ነው። «ጎበዝ፣ ጥሩ እየሞከርክ ነው» ብቻ ይፈቀዳል።

በየትምህርት ቤቱ የሚጠብቀን ርእሰ መምህር ቃሉ አንድ ነው፤ «ጎበዞቹን ልጥራላችሁ?» አይሆንም እንላለን። ተማሪዎቹን በሰልፍ አቁመን፣ ቆጥረን፣ በዕጣ እናወጣለን። ርእሰ መምህሩ ዕጣ የደረሰውን ልጅ አይቶ ሲያቃስት ገና ልጁ ሳይቀመጥ ውጤቱን ታውቀዋለህ።

አንዱን ልጅ ልንገራችሁ። ሒርናን ካለፍን በኋላ ከአስፋልቱ ርቆ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ከብት ጥበቃ አድሮ የመጣ ይመስል በትሩን እንደያዘ ገባ፤ በሩ ሥር አስደገፍናት። ቁልጭ ቁልጭ የሚል ዓይን። ፊደሉን ሰጠሁት። አንደኛዋ፣ ሦስት ሰከንድ። ሁለተኛዋ፣ ሦስት ሰከንድ። አሥር። «ገለቶሚ፣ ወደ ቀጣዩ እንሂድ።» ቃላቱን ሰጠሁት። አቆምኩ። የሌሉትን ቃላት፤ አቆምኩ። ታሪኩን፤ አቆምኩ። ልጁ በየወረቀቱ ላይ ጣቱን አስቀምጦ ቆንጆ አድርጎ ይጠብቃል፤ ወረቀቱ አንድ ነገር እንዲለው።

መጨረሻ ላይ እኔ የማነብለት ታሪክ መጣ። ስለ አንዲት የጠፋች ፍየል ነበር። አነበብኩለት፣ ጠየቅሁት። አምስቱንም መለሰ። መመለስ ብቻ አይደለም፣ ፍየሏ በየት በኩል ብትፈለግ ኖሮ ቶሎ እንደምትገኝ ጨመረልኝ። በወረቀቱ ላይ ለዚህ ቦታ የለውም።

ይህን ነገር ያዙልኝ። ልጁ ቋንቋው ሙሉ ነው፣ ሐሳቡ ሙሉ ነው፣ ማስተዋሉ ሙሉ ነው። ዜሮ የሆነው ፊደሉ ብቻ ነው። ማለትም ልጁ «ሰነፍ» አይደለም፤ አንድ የተወሰነ ነገር ያላሳየው ሰው ነው ያጣው። የሰኔ 30ዋ ካርድ ይህን ልጅ «67ኛ» ብላ ታልፈዋለች። የሩብ ሰዓቷ ወረቀት ግን የጎደለው ምን እንደሆነ ለይታ ታሳያለች። ለዚህ ነው በኢግራ የሚቀልዱ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የምከራከራቸው።

ስንጨርስ እንደ ሥርዓቱ እርሳስ ሰጠሁት። ተቀበለና «ደርቤራ?» አለኝ። «አለፍኩ?» ማለት ነው።

ምን ልበል? «ጎበዝ ነህ» አልኩት። የተፈቀደው እሱ ነው። በትሩን ይዞ ወጣ፤ ሜዳው ላይ ለጓደኞቹ «ደርቤራ! ደርቤራ!» እያለ ሲጮህ በመስኮቱ እሰማዋለሁ። እኔ ዜሮዬን መዝግቤ «ቀጣይ» አልኩ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄደ፤ ልጁ እዚያው ቀረ። ለመምህሩ እንኳ «ይህ ልጅ ፊደል አያውቅም፣ ጆሮው ግን ድንቅ ነው» አልተባለም፤ ምክንያቱም የምዘናው ዓላማ ክልሉን ማወቅ እንጂ ልጁን ማወቅ አልነበረም።

ክልሉማ ታውቋል፣ አገሩም ታውቋል። በ2002 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ምዘና በስድስት ቋንቋዎች፣ በ338 ትምህርት ቤቶች፣ ከ13 ሺሕ በላይ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ ነበር፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪ። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከታሪኩ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በኦሮሚያ ከ40 ከመቶ በላይ። ከዚያ ወዲህ ምዘናው ተደጋግሟል፤ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተጽፈዋል፤ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሥርዓተ ትምህርቱ ተከልሷል።

መጻሕፍቱ ሲከለሱ የተነሳውን አቧራ ታስታውሱት ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. ወላጆች የልጆቻቸውን የ1ኛ ክፍል የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ሲከፍቱ ቁቤው በኤ፣ ቢ፣ ሲ ፋንታ በኤል፣ ኤ፣ ጂ ይጀምራል። ተቃጠለ ሰፈሩ! ቁቤ በ1984 ዓ.ም. በይፋ እንዲጻፍበት እስኪወሰን ድረስ የተከፈለውን መሥዋዕትነት የሚያውቅ ሰው ተራው ተነክቶ ሲያይ ደሙ ቢፈላ አልፈርድበትም። አዘጋጆቹ ደግሞ ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ በቋንቋው ውስጥ አዘውትረው የሚመጡትን ፊደላት ካስቀደምን ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ቃል መሥራት ይጀምራል። እኔ ሁለቱንም ወገን ሰማሁና አያቴን አሰብኩ። የኔታ ተራውን ያፈርሱ የነበረው ልጁ በተራው ከቆጠረ በኋላ ነው፤ ተራውም ይኖራል፣ ፈተናውም ይኖራል። ያኔ ጫት ላይም፣ ቡና ላይም፣ ፌስቡክ ላይም ስለ ተራው ስንነታረክ የእህቴ ልጅ ገና አልተወለደችም ነበር። ተወልዳ፣ አድጋ፣ ትምህርት ቤት ገብታ «ሂን ሃቂና»ን ገለበጠች።

ወደ እሷ ልመለስ። ካርዱን ባየሁ በሦስተኛው ቀን ማታ፣ እህቴ የተረፈውን ቲማቲም ስትለይ፣ ትንሿን አጠገቤ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ መጽሐፏን ከፈተችና አነበበችልኝ። ጥርት ያለ ንባብ! እህቴ ቲማቲሟን ይዛ ቆመች። እኔም ከወለሉ ስንደዶ ፈለግሁ፤ ስንደዶ የለም። እኛ ቤት የማይጠፋው ገራባ ነው፤ ከአባቷ ጫት የተረፈ እንጨት አነሳሁና ገጹ መሀል ላይ ሰካሁ።

«ይቺ ማን ናት?»

ከገጹ መጀመሪያ ተነስታ እየተንደረደረች መጣች። ሆዴ ቡጭ አለ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም የቀረው ነገር የለም፤ ያው ቤት፣ ያው ወለል፣ ያው መንገድ።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ በእጄ ጻፍኩ። ፊደላቱን በተዘበራረቀ ተራ። ስልኬ ላይ አንድ ደቂቃ ሞላሁ። ፊደላቱን ከሞላ ጎደል ታውቃቸዋለች። የሚያምታታት የመስታወት ጉዳይ ነው፤ ያቺ ሆድና ዘንግ ያላት ፊደል ሆዷ በቀኝ ከሆነ «ብ»፣ በግራ ከሆነ «ድ»፣ ዘንጓ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ አንዴ «ፕ» አንዴ «ቅ» የምትሆነው። (በግእዙ ፊደል ይህ ጣጣ የለም፤ በፋንታው እግርና ቀለበት መቁጠር አለብህ። ማንም ጽሕፈት ልጅን በነፃ አያሳልፍም።) ከዚያ ሁለት ሁለት ፊደል ሲጣመር ተያዘች። አጭሩና ረጅሙ ድምፅ አይለይላትም። «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ ነው፤ በቁቤ ልዩነቱ ፊደል መደገም አለመደገሙ ብቻ ነው፤ እሷ ሁለቱንም እንደ መጣላት ትላለች። ከማታውቀው ታሪክ በአንድ ደቂቃ አራት ቃል አነበበች። ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቃት ሥዕሉን ፈለገች። ሥዕል አልሣልኩም።

መጨረሻ ላይ ቃለ ጽሕፈት ልሞክር ብዬ «እኔ ስናገር ጻፊ፤ ‹ፍየል›» አልኳት። እርሳሷን ያዘች፣ ወረቀቷን አስተካከለች፣ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ዞር ብላም የቀሩትን ሦስቱን ግድግዳዎች አየች።

«አጎቴ፣ ከየት ነው የምገለብጠው?»

መምህሯን እንድትወቅሱ አይደለም ይህን የምጽፈው። 74 ልጅ እንደምዘና ባለሙያ ለሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት ልስማ ቢል ከ18 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ለተከታታይ ምዘና ከአምስት፣ ከአሥር እየሞላ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል፤ ለደብተር ጥራት፣ ለተሳትፎ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ለማሟላት። የእኔዋ ሁሉንም ትሞላለች፤ ፀባየኛ ናት፣ አትረብሽም፣ ጽሕፈቷ ያምራል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ ለረጅም ዓመታት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ እንዳይወድቅ ተደርጎ ነው የተኖረው፤ እኔም ሕፃን በመጣል አላምንም። ግን አለመጣልና አለመስማት ለየቅል ናቸው። በመጨረሻ የሚሰማውስ ማን ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት 3.3 ከመቶ ብቻ አለፈ ሲባል አገሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግን ቁጭ ብላችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ እነዚያ ልጆች ሳይደግሙ መጥተው ከሆነ በ2004 ዓ.ም. 2ኛ ክፍል ነበሩ።

ሒሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሩብ ሰዓቱ ቢቀር፣ ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ ለማንበብ ሁለቱ ለመቀመጥና ለመነሳት፤ በቀን ስምንት ልጅ። በሁለት ሳምንት 74ቱም ይሰማሉ። ሰዓት አያስፈልግም፣ ታብሌት አያስፈልግም፣ አዳማ ሆቴል ሥልጠና አያስፈልግም። ልጁ አይቶት የማያውቅ አንድ አጭር ጽሑፍና ገራባ ይበቃል። የቀሩት 66 ልጆች በዚያ ሃያ አራት ደቂቃ ምን ያደርጋሉ የምትሉኝ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ቀላል አይደለም።

እኔን የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ለእህቴ መንገር።

ሁለት ቀን ዋጥኩት። በመዛኝነቴ ዘመን «ጎበዝ ነህ» ብዬ ያለፍኩት ልጅ በሌሊት እየመጣ «ደርቤራ?» ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ጉልቷ ሥር በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ቲማቲም መደርደሯን አላቆመችም። አራት አራት አድርጋ መደብ በመደብ ስትደረድር ቆየችና፦

«እና ሦስተኛ የወጣችው በምንድን ነው?» አለችኝ።

«በጽሕፈቷ፣ በፀባይዋ… ደግሞ በቃሏ ትይዛለች።»

ዝም አለች። እህቴ አታነብም እንጂ ሒሳብ ላይ ማንም አይቀድማትም።

«ቆይ… እሷ ሦስተኛ ከሆነች፣ ከኋላዋ ያሉት 71 ልጆችስ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ያንን እንጨት የምትሰካውን ነገር አሳየኝ» አለች።

«አንቺ ፊደሉን ሳታውቂ እንዴት አድርገሽ?»

«ፊደሉን ባላውቅ ልጄን አላውቃትም?»

አዳማ ከመመለሴ በፊት የቁቤ ገበታ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ አንድ በተራ፣ አንድ ደግሞ በእጄ የጻፍኩት የተዘበራረቀ። ማታ ማታ እራት ከተበላ በኋላ እህቴ ገራባዋን ይዛ ትቆማለች፣ እንደ ፈለገች ትሰካለች። ልጅቷ ቶሎ ከመለሰች ታልፋለች። ጆሮዋን ካከከች ይያዛል፤ እርግጠኛ ሳትሆን ጆሮዋን ታካለች አሉ፣ እኔ አላየሁትም ነበር። የተያዙትን እህቴ መልካቸውን በዓይኗ ይዛ ትደውልልኛለች።

ትናንት ማታም ደወለች።

«ሆድ ያላት፣ ዘንጓ ወደ ታች የወረደ።»

«ሆዷ ወደ የት ነው?» አልኳት።

«ቆይ» አለች። ስልኩን ይዛ ወደ ግድግዳው ስትሄድ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል። «ወደ በሩ።»

«በሩ በየት በኩል ነው? ግድግዳውን ስታይ በቀኝሽ ነው በግራሽ?»

«በግራዬ።»

«እሷ ‹ቅ› ናት።»

«‹ፕ› ነው ያለችኝ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ልጇን መጣራት ጀመረች።